መቀጮ ወይስ ዋጋ? የብሪታንያ የኦቨርድራፍት ክስና ከዚያ በኋላ የሆነው

ሂሳቡ ውስጥ በቂ ስንቅ ሳይኖር ክፍያ ያዘዘን ደንበኛ ባንክ ምን ያህል ሊያስከፍለው ይገባል? ጥያቄው በብሪታንያ ከ2006 ጀምሮ በየወረዳው ችሎት ሲነሣ ሲጣል ቆይቶ ኖቬምበር 25 ቀን 2009 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እልባት አገኘ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ባንኮቹ ረቱ። ብዙ ሰው ፍርዱን «ክፍያው ፍትሐዊ ነው ተባለ» ብሎ ነው የያዘው። ዳኞቹ ግን እንዲህ አላሉም። የወሰኑት ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሳይለዩ ደግሞ ክፍያው ከዐሥር ዓመት በኋላ በየትኛው በር እንደ ወጣ መረዳት አይቻልም።

ክፍያው እንዴት ይቆጠር ነበር

በብሪታንያ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ያለው ሰው ሂሳቡ ከዜሮ በታች እስካልወረደ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይከፍልም። ካርዱ፣ ከማሽን ገንዘብ ማውጣቱ፣ ዝውውሩ፣ የሂሳብ መግለጫው በነጻ ነው። ባንኩ ታዲያ ከየት ያገኛል? በዋናነት ከሁለት ቦታ ነው። ደንበኛው ሂሳቡ ላይ ለሚያስቀምጠው ገንዘብ ወለድ አይከፍልም ወይም ጥቂት ብቻ ይከፍላል፤ ሂሳባቸው ከሚጎድልባቸው ደግሞ ወለድ፣ እስከ 2020 ድረስም ቁርጥ ክፍያ ይሰበስባል።

ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሂሳቡ ከዜሮ በታች ሲወርድ ባንኩ የሚሸፍነው ብድር፣ የተፈቀደና ያልተፈቀደ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። የተፈቀደው ደንበኛው አስቀድሞ ጠይቆ፣ ባንኩም ጣሪያ ወስኖ የሚሰጠው ነው። ያለ ስምምነት ከዜሮ በታች መውረድ ወይም የተወሰነውን ጣሪያ ማለፍ ያልተፈቀደ ኦቨርድራፍት ይባላል። ክሱ ያረፈው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ክፍያዎቹ አራት ነበሩ። አንዱ ስንቅ በሌለበት ባንኩ የታዘዘውን ሲከፍል፣ ሌላው ሳይከፍል ሲመልሰው፣ ሦስተኛው በወሩ ውስጥ ጣሪያው በመታለፉ ብቻ ይጠየቃል። አራተኛው የሚመጣው ቼኩ በዋስትና ካርድ የተደገፈ በመሆኑ ባንኩ ሳይወድ ሲከፍል ነው። መጠኑ ከባንክ ባንክ ቢለያይም በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ከ25 ፓውንድ የማያንስ፣ እስከ 39 ፓውንድም የሚደርስ ነበር።

የነገሩ ሥር ክፍያው የሚቆጠረው በጎደለው ገንዘብ ልክ ሳይሆን በጉዳዩ ቁጥር መሆኑ ነው። በጊዜው በነበረው መጠን አንድ ማሳያ እናስላ። ደመወዝ የሚገባው በወሩ 28 ነው እንበል። በ25 ሂሳቡ ላይ 18 ፓውንድ አለ፤ በዚያው ዕለት ሦስት ቀጥታ ተቀናሾች (ድርጅቶች ከሂሳቡ ላይ በቀጥታ የሚወስዷቸው ክፍያዎች) ይመጣሉ፤ የስልክ 22፣ የመብራት 31፣ የመድን 15 ፓውንድ። ባንኩ የስልኩን ይከፍልና ሂሳቡ በ4 ፓውንድ ይጎድላል፤ ለዚህ 30 ፓውንድ ይጠይቃል። የመብራቱንና የመድኑን ይመልሳል፤ ለእያንዳንዳቸው 35 ፓውንድ። ጣሪያ ስለታለፈ ደግሞ የወሩ 25 ፓውንድ ይታከላል። ድምሩ 125 ፓውንድ ሆነ። ደንበኛው በእርግጥ የተበደረው 4 ፓውንድ ነው፤ ለሦስት ቀን።

ተራው ቢለወጥስ? መጀመሪያ የመድኑ 15 ፓውንድ ቢወጣ ስንቅ ስላለ ያለ ክፍያ ያልፋል። ቀጥሎ የስልኩ ተከፍሎ 30 ፓውንድ ይጠየቅበታል፣ የመብራቱ ይመለሳል፣ የወሩም ይጨመራል፤ ድምሩ ወደ 90 ይወርዳል። ያው ሰው፣ ያው ዕለት፣ ያው ሦስት ክፍያ፤ የ35 ፓውንዱን ልዩነት ያመጣው ኮምፒውተሩ የትኛውን አስቀድሞ እንዳነበበ ብቻ ነው።

ክፍያው በዚያው ዕለት አይቆረጥም፤ ለደንበኛው ማስታወቂያ ተልኮለት በሚቀጥለው ወር ይነሣል። ደመወዝ ከገባ በኋላ ለባንኩ መሰብሰቡ ይቀልለዋል፤ ለደንበኛው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ከቤት ኪራይና ከቀለብ በኋላ በወር 60 ፓውንድ የሚተርፈው ሰው 125 ሲቆረጥበት ወሩን በ65 ጎዶሎ ይጀምራል፤ ተቀናሾቹም እንደገና ባዶ ሂሳብ ያገኛሉ። የተመለሱት የመብራትና የመድን ክፍያዎችም አልጠፉም። ድርጅቶቹ ጥያቄውን በድጋሚ ይልኩታል፤ ያ ጥያቄም ስንቅ ካላገኘ አዲስ ክፍያ ይወልዳል። በዚህ ላይ ድርጅቶቹ በራሳቸው ውል መሠረት የዘገየ ሂሳብ ቅጣት መጠየቅ ወይም መድኑን ማቋረጥ ይችላሉ።

የማስመለሱ ማዕበል

ነገሩን ያቀጣጠለው የክሬዲት ካርድ ጉዳይ ነው። በኤፕሪል 2006 የሸማቾችን ጥቅም ይጠብቅ የነበረው የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ የፍትሐዊ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የካርድ ዕዳ ላዘገየ ደንበኛ የሚጠየቅ ክፍያ ከ12 ፓውንድ ካለፈ ፍትሐዊ እንዳልሆነ እንደሚገምት አስታወቀ። የካርድ አውጪዎቹ ክፍያም ወደ 12 ፓውንድ ወረደ። ምክንያቱ የቆየ የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ ውል ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው የደረሰውን ጉዳት የሚመልስ መሆን አለበት፣ ለማስፈራራት የተጋነነ መቀጮ ግን አይጸናም። ሕዝቡም ይህንኑ አንሥቶ ወደ ኦቨርድራፍት ዞረ። ሂሳብን ማጉደል ውል ማፍረስ ከሆነ፣ ኮምፒውተር በራሱ ለሚመልሰው አንድ ተቀናሽ 35 ፓውንድ የየትኛው ጉዳት ምትክ ነው?

አሠራሩ ጠበቃ የማያስፈልገው ነበር። ደንበኛው በ1998ቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ከ10 ፓውንድ ያልበለጠ ከፍሎ የሂሳብ መግለጫዎቹን ይጠይቅ ነበር፤ ባንኩም በ40 ቀን ውስጥ ማቅረብ ነበረበት። ከዚያ ያለፉት ስድስት ዓመታት ክፍያዎች በቀንና በመጠን ይዘረዘራሉ፤ በስኮትላንድ ይርጋው አምስት ዓመት ነው። ገንዘቡ እንዲመለስ 14 ቀን የሚሰጥ ደብዳቤ ይላካል፤ መልሱ ካላጠገበ «ልከስ ነው» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ከሌላ 14 ቀን ጋር ይከተላል። ከዚያም በዚያን ጊዜ እስከ 5,000 ፓውንድ የሚደርስ ክስ ይታይበት በነበረው የአነስተኛ ጉዳዮች ችሎት 8 በመቶ ወለድ ታክሎበት ክሱ ይከፈታል።

ባንኮቹ ብዙውን ጊዜ ከችሎቱ ቀን በፊት ይከፍሉ ነበር፤ ጥፋት አላመኑም፣ «በበጎ ፈቃድ» እያሉ። ለምን እንደከፈሉ መገመት አይከብድም። ለ800 ፓውንድ ክርክር የሚላክ ጠበቃ ከ800 ፓውንድ በላይ ያስወጣል፤ በዚያ ላይ ክፍያ የመመለስ ትክክለኛ ወጪው ስንት እንደሆነ በችሎት መግለጥ ይመጣል። ደንበኛ የተረታበትም ጊዜ ነበር። በሜይ 2007 የበርሚንግሃም ችሎት ለባንኩ ፈረደ፤ የወረዳ ችሎት ፍርድ ግን ሌላውን ዳኛ አያስገድድም። በአንዱ ከተማ የተረታው ክርክር በሌላው እየረታ ቀጠለ። ይህ ለማንም የማይበጅ ነበር፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ደብዳቤ መጻፍ የሚያውቅና ጊዜ ያለው ደንበኛ ነው፣ በክፍያው ክፉኛ የተጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሉትም።

ፈር ቀዳጁ ክስ

በጁላይ 2007 ጽሕፈት ቤቱና ባንኮቹ ጉዳዩን በአንድ ክስ ለመቋጨት ተስማሙ። ተከሳሾቹ አቢ ናሽናል፣ ባርክሌይስ፣ ክላይድስዴል፣ ኤችቦስ፣ ኤችኤስቢሲ፣ ሎይድስ ቲኤስቢ፣ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ እና ኔሽንዋይድ የቤት ቁጠባ ማኅበር ነበሩ። በዚያው ወር 27 ቀን የባንኮች ተቆጣጣሪ የነበረው የፋይናንስ አገልግሎት ባለሥልጣን ባንኮቹ የክፍያ ቅሬታዎችን በመደበኛው ጊዜ ውስጥ የመመለስ ግዴታቸውን ለጊዜው አነሣላቸው። በየችሎቱ የነበሩት ክሶችም በያሉበት ቆሙ።

ለፍርድ ቤቱ የቀረቡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ክፍያው በእንግሊዝ የጋራ ሕግ (ከዳኞች ፍርድ በዳበረው ሕግ) መቀጮ ነው ወይ? መቀጮ ባይሆንስ በ1999ኙ የሸማቾች ውል ደንብ በፍትሐዊነት መለኪያ ሊመዘን ይችላል ወይ?

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ባንኮቹን ያዳናቸው የውላቸው አጻጻፍ ነው። ውሉ «ስንቅ ሳይኖርህ ክፍያ አትዘዝ» አይልም። ስንቅ ሳይኖርህ ካዘዝክ ኦቨርድራፍት እንደጠየቅክ እንቆጥረዋለን፤ ጥያቄህን መርምረን እንቀበላለን ወይም እንመልሳለን፤ ለዚህ አገልግሎት ይህን ያህል እናስከፍላለን ነው የሚለው። የተጣለ ክልከላ ከሌለ የፈረሰ ውል የለም፤ የፈረሰ ውል ከሌለም መቀጮ የለም። ሰኞ ጠዋት አራት ፓውንድ የጎደለው ሰው ብድር እየጠየቀ መሆኑን ጨርሶ ላያስበው ይችላል፤ ሕጉ ግን ሐሳቡን ሳይሆን ውሉን ነው የሚያነበው። ኤፕሪል 24 ቀን 2008 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ አንድሩ ስሚዝ በወቅቱ ይሠራባቸው የነበሩት ውሎች መቀጮ አልያዙም ሲሉ ወሰኑ።

በሁለተኛው ጥያቄ ግን ጽሕፈት ቤቱ ረታ፤ ክፍያው በ1999ኙ ደንብ ሊመዘን ይችላል ተባለ። ባንኮቹ ይግባኝ አሉ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2009 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ጽሕፈት ቤቱን ደገፈ። ምክንያቱ ደንበኛ ሂሳብ ሲከፍት ልብ የሚለው ዋናውን ስምምነት ነው፤ ለጉድለት የሚጠየቀው ክፍያ ዳር ላይ ያለ፣ ያኔ የማይታሰብ ነገር ነው የሚል ነበር።

አምስቱ ዳኞች

የመጨረሻው ክርክር በጁን 2009 የተሰማው ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ በነበረው በጌቶች ምክር ቤት ነው። ፍርዱን ያነበበው ግን በኦክቶበር 1 ሥራ የጀመረው አዲሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆነ። የተሰየሙት ሎርድ ፊሊፕስ፣ ሎርድ ዎከር፣ ሌዲ ሄል፣ ሎርድ ማንስ እና ሎርድ ኒውበርገር ሲሆኑ አምስቱም በአንድ ድምፅ የባንኮቹን ይግባኝ ተቀበሉ።

ክርክሩ ሁሉ የዞረው በአንድ አንቀጽ ላይ ነው። የደንቡ አንቀጽ 6(2)፣ ከአውሮፓ መመሪያ 93/13 የተቀዳ ሲሆን፣ ውሉ ግልጽና በቀላሉ በሚገባ ቋንቋ እስከተጻፈ ድረስ የፍትሐዊነቱ ምዘና «ዋጋው ለተሰጠው አገልግሎት ይመጥናል ወይ» የሚለውን እንዳይነካ ይከለክላል። ሐሳቡ ዳኛ የሱቅ ዋጋ ተማኝ እንዳይሆን ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ሆነ፤ የጉድለት ክፍያ የዋጋው አካል ነው ወይስ አይደለም?

ዳኞቹ ነው አሉ። ባንክ የሚሸጠው በአንድ ላይ የታሰረ የአገልግሎት ጥቅል ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለውም ጥቅሉን ነው፣ በከፊል በወለድ ማጣት፣ በከፊል በእነዚህ ክፍያዎች። አንቀጹ ዋና ዋጋና የዳር ዋጋ ብሎ አይለይም፤ ስለዚህ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ልዩነት ውድቅ ሆነ። ለዚህ ጉልበት የሰጠው አኀዙ ነው። ክፍያዎቹ ባንኮቹ ከግለሰቦች ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ከሚያገኙት ገቢ ከ30 በመቶ በላይ ነበሩ። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ በ2008 ባወጣው የገበያ ጥናት መሠረት በ2006 ባንኮቹ ከእነዚህ ሂሳቦች ካገኙት 8.3 ቢሊዮን ፓውንድ ውስጥ 2.6 ቢሊዮኑ የመጣው ስንቅ ካነሳቸው ደንበኞች ነው። የገቢውን ሲሶ የሚያህል ነገር እንዴት የዳር ነገር ይባላል?

ዳኞቹ ጉዳዩ ወደ አውሮፓ ፍርድ ቤት እንዲላክ አልፈቀዱም። የወሰኑት ጠባብ ነገር እንደሆነም አልሸሸጉም። ሎርድ ፊሊፕስ ክፍያው ከዋጋ መጠን ውጪ በሆነ ምክንያት ሊመረመር እንደሚችል ክፍት ትተውታል፤ ሎርድ ዎከር ደግሞ ሚኒስትሮችና ፓርላማው ነገሩን እንደገና ሊያዩት እንደሚችሉ ጠቁመዋል። ጽሕፈት ቤቱ የቀረችውን ጠባብ በር መርምሮ ዲሴምበር 22 ቀን 2009 ምርመራውን አቆመ። የቆሙት ክሶች መሠረታቸው ተናደ።

ፍትሐዊ ነበር ወይ?

የፍርዱን ሕጋዊ አካሄድ መንቀፍ ያስቸግራል። የሲሶ ገቢ ምንጭን ዋጋ አይደለም ማለት ዓይንን ጨፍኖ መፍረድ ነው። ይሁንና ባንኮቹን ያስረታቸው ያው አኀዝ በፍትሐዊነቱ ላይ የቆመ ምስክር ነው። በዚያ ዘመን ክፍያውን በዓመት ውስጥ የከፈሉት ደንበኞች ወደ 12 ሚሊዮን ናቸው። ሂሳቡ የማይጎድልበት ሰው በነጻ የሚገለገለው ወጪውን በከፊል እነዚህ ስለሚሸፍኑለት ነው። ገንዘብ ያለው በሌለው ትከሻ ላይ ታዝሏል ማለት ነው፤ ፍርዱም ይህ መኖሩን አልካደም።

የባንኮቹ መከራከሪያ ግን ባዶ አልነበረም። ያልተፈቀደ ብድር አደጋው ከፍ ይላል፤ ከማይመለሰው ገንዘብ የሚመጣውን ኪሳራ አንድ ሰው መሸከም አለበት። ክፍያ ባይኖር ሰው ሂሳቡን አይጠብቅም ይላሉ። ደግሞም ባንኩ ሲከፍልለት ደንበኛው የሚድነው ከመብራት መቆረጥ ነው። ሦስቱም እውነትነት አላቸው፤ ሦስቱም ግን ለቁርጥ ክፍያው አይሆኑትም። የማይመለስ ብድር አደጋ በተበደሩት መጠን ይለካል፤ በ4 ፓውንድና በ400 ፓውንድ ላይ እኩል 30 ፓውንድ የሚጭን ዋጋ አደጋን አልለካም። ተግሣጽ ነው ከተባለ ደግሞ ቅጣት ወደመሆኑ ተመለስን፤ ባንኮቹ በችሎት አይደለም ሲሉ የረቱትም ይህንኑ ነው። የሦስተኛው ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ባንኩ ክፍያውን መልሶ ደንበኛውን ከምንም ባላዳነበት ጊዜ የሚጠይቀው እንደ ማሳያችን ሊበልጥ ይችል ነበር።

ገበያው ራሱ ለምን አላረመውም? ሂሳብ ሲከፍት ለጉድለት ክፍያ አወዳድሮ የሚመርጥ ሰው ጥቂት ነው፤ ማንም ይጎድልብኛል ብሎ አይጀምርም። ቢያወዳድርም አንዱ ባንክ በቀን፣ ሌላው በጉዳይ፣ ሦስተኛው በወር ይቆጥር ስለነበር ለማነጻጸር የራሱን የወደፊት ጉድለት በቀን ማወቅ ይኖርበት ነበር። ባንክም ብቻውን ክፍያውን ቢሰርዝ የነጻውን አገልግሎት ወጪ ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት፤ ሂሳባቸው የማይጎድልባቸውን ማስከፈል ሲጀምርም ጎረቤቱ በነጻ ይወስድበታል። በዚህ ወጥመድ ውስጥ ማንም ቀድሞ አይነቃነቅም።

ዐሥር ዓመት የፈጀው መንገድ

ከፍርዱ በኋላ አንዳንድ ባንኮች በጉዳይ መቁጠሩን ትተው በቀን ወደ መቁጠር ዞሩ። ለአንድ ቀን ለሚጎድልበት ይህ ቀሎለታል፤ ወሩን ሙሉ በጉድለት ለሚኖረው ግን በቀን 5 ፓውንድ በወር 150 ነው።

በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ የዋጋ ከለላውን ጠበብ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የዋጋ አንቀጽ ከምዘና የሚያመልጠው ግልጽ ብቻ ሳይሆን በጉልህ የሚታይም ከሆነ ነው፤ በደቃቅ ፊደል በገጽ 14 የተቀመጠ ክፍያ መጠለያ አያገኝም። በኦገስት 2016 ደግሞ የውድድርና ገበያ ባለሥልጣኑ እያንዳንዱ ባንክ ላልተፈቀደ ኦቨርድራፍት በወር የሚጠይቀውን ከፍተኛ መጠን እንዲያስታውቅ ወሰነ። ድክመቱ ግልጽ ነበር፤ ጣሪያውን የሚተክለው ባንኩ ራሱ ነው። በዚያው ውሳኔ የመጣው የስልክ መልእክት ማንቂያ የተሻለ ሠርቷል ባይ ነን፤ ደንበኛው ጉድለቱን በዕለቱ ካወቀ ሊሞላው ይችላል፣ የሂሳብ መግለጫው በወሩ መጨረሻ ሲደርሰው ግን ነገሩ አልፏል።

ሥሩን የነካው አዲሱ የባንኮች ተቆጣጣሪ፣ የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን፣ ነው። በ2017 ባንኮች ከኦቨርድራፍት ከ2.4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አግኝተዋል፤ 30 በመቶ ገደማው ካልተፈቀደው ነው። ካልተፈቀደው ክፍያ ውስጥ ከግማሽ በላዩን የከፈሉት ደግሞ ከደንበኞች 1.5 በመቶ ብቻ ናቸው። አንዳንዱ ያልተፈቀደ ኦቨርድራፍት የአጭር ጊዜ አበዳሪዎች ከሚያስከፍሉት ዐሥር እጥፍ ይወጣ ነበር። ባለሥልጣኑ በጁን 2019 አውጥቶ ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ያዋለው ደንብ በቀን፣ በወርም ሆነ በጉዳይ የሚቆጠር ቁርጥ የኦቨርድራፍት ክፍያን ከለከለ። ዋጋው አንድ የዓመት ወለድ ብቻ ይሁን፤ ያልተፈቀደውም ከተፈቀደው አይብለጥ አለ። ለተመለሰ ክፍያ የሚጠየቀው ደግሞ ክፍያውን የመመለስ ወጪን ያህል መሆን ይገባዋል።

እንደ ማሳያችን ላለ ሰው ለውጡ የሰማይና የምድር ያህል ነው። 4 ፓውንድ ለሦስት ቀን በ39.9 በመቶ የዓመት ወለድ ሲሰላ 1 ፔንስ ገደማ ይመጣል። ባለሥልጣኑም 100 ፓውንድ ባልተፈቀደ ኦቨርድራፍት መበደር በተለምዶ በቀን 5 ፓውንድ ያስከፍል ከነበረበት ከ20 ፔንስ በታች እንደሚወርድ አስልቷል።

ነጻ ምሳ ግን አልነበረም። በርካታ ትልልቅ ባንኮች የተፈቀደውን ወለድ ወደ 40 በመቶ ገደማ ሰቀሉት። በ19.9 በመቶ 1,000 ፓውንድ ለአንድ ወር የተበደረ ሰው ወደ 15 ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ በ39.9 በመቶ 28 ፓውንድ ይሆናል። በባለሥልጣኑ ግምት ከዐሥር የኦቨርድራፍት ተጠቃሚዎች ሰባቱ ይጠቀማሉ ወይም ለውጥ አያዩም፤ የተጎዱት ከቀሩት ሦስቱ ናቸው፣ በተለይም ብዙ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ በተፈቀደ ኦቨርድራፍት የሚይዙት። የአሁኑን ከቀድሞው የምንመርጠው ዋጋው ስለረከሰ አይደለም፣ ለአንዳንዱ ተወዷልና። ተበዳሪው በተበደረው ልክ ስለሚከፍልና ከመበደሩ በፊት ስንት እንደሚመጣበት ማስላት ስለሚችል ነው።

ሂሳቡ ለተጨናነቀበት ደንበኛ

የ2009ኙ ፍርድ የዘጋው «ዋጋው በዛ» የሚለውን ክርክር ነው፤ «ችግር ላይ መሆኔን እያወቁ ክፍያ ደራረቡብኝ» የሚለውን አልዘጋም። ቅሬታ ሲጻፍ ይህን መለየት ያስፈልጋል። በደብዳቤው ላይ የገቢና የወጪ ዝርዝር ይያያዛል፤ ችግሩ የጀመረበት ቀን፣ ባንኩ ያንን ከምን ሊያውቅ ይችል እንደነበር (የደመወዝ መቋረጥ፣ በተከታታይ ወራት ከጉድለት አለመውጣት) እና የሚጠየቀው መፍትሔ፣ ማለትም ወለዱ እንዲቆም ወይም ክፍያው እንዲመለስ፣ በግልጽ ይሰፍራል። ባንኩ ስምንት ሳምንት አለው። መልሱ ካላረካ ወይም ካልመጣ ጉዳዩ ያለ ክፍያ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው ይሄዳል፤ ባንኩ የመጨረሻ መልስ ከሰጠ ግን ስድስት ወር ሳያልፍ ነው።

ደመወዙ ገና ሳይገባ ጉድለቱ እየዋጠበት ያለ ሰው ከቅሬታ በፊት የሚሠራው ሥራ አለ፤ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ያስከፍላል። መጀመሪያ ኦቨርድራፍት የሌለበትን፣ ክፍያ ቢመለስም የማያስከፍለውን መሠረታዊ ሂሳብ በሌላ ባንክ መክፈት ነው። ሌላ ስም መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ሎይድስ፣ ሃሊፋክስና ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ለምሳሌ የአንድ ቡድን ናቸው፣ ባንክም ዕዳውን ከሌላው ሂሳብ ሊያቻችል ይችላል። ቀጥሎ ደመወዙ ወደ አዲሱ እንዲገባ ለአሠሪው ማስታወቅ። ተቀናሾቹ የሚዛወሩት የመጀመሪያው ደመወዝ አዲሱ ሂሳብ ላይ ከታየ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከተዛወሩ ባዶ ሂሳብ ያገኛሉ፣ ኪራዩና መብራቱም ሳይከፈሉ ይቀራሉ። ለአሮጌው ባንክ በወር መክፈል የሚቻለውን ጠቅሶ መጻፍ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ማዛወሩ እስኪያልቅ አንድ ደመወዝ ወደ አሮጌው ሂሳብ መግባቱ ካልቀረ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ለባንኩ በጽሑፍ ማስታወቅ ይቻላል፤ በዚህ ቀን ከሚገባው ገንዘብ ይህን ያህሉ ለኪራይ፣ ይህን ያህሉ ለመብራት ይዋል ተብሎ። ይህ ደንበኛው ገንዘቡ በቅድሚያ ለምን እንደሚውል የመወሰን የቆየ የሕግ መብት ነው። ቀኑ፣ መጠኑና ተቀባዩ ካልተጻፈ አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ ደመወዝም እንደገና መጻፍ አለበት።

ዕዳው ከአንድ ባንክ ካለፈ በእንግሊዝና በዌልስ ከሜይ 4 ቀን 2021 ጀምሮ በዕዳ አማካሪ በኩል የ60 ቀን ፋታ ይጠየቃል። በእነዚያ ቀናት በተመዘገቡት ዕዳዎች ላይ፣ ኦቨርድራፍትም ቢሆን፣ ወለድና ክፍያ አይቆጠርም፤ አበዳሪውም ገንዘቡን ለማስከፈል አይንቀሳቀስም። ኪራይ፣ መብራትና የመሳሰሉት ወቅታዊ ክፍያዎች ግን መከፈላቸውን ይቀጥላሉ፤ እነሱ ከተቋረጡ አማካሪው ፋታውን ሊያነሣው ይችላል።